የኢንዶኔዥያ ቻይናውያን ስንት ማስረጃ ያቅርቡ?

አንድ ሰው አባቱም አያቱም በተወለዱበትና በተቀበሩበት መሬት ላይ ተወልዶ ሳለ «የዚህ አገር ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ቢባል ምን ያቅርብ? ለኢንዶኔዥያ ቻይናውያን ይህ በየቢሮው መስኮት ቆመው ለአንድ ትውልድ የመለሱት ጥያቄ ነው። በጄኔራል ሱሃርቶ ዘመን የቻይና ዘር ያለው ዜጋ ፓስፖርት ለማውጣት፣ ጋብቻ ለማስመዝገብ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ሌላው ኢንዶኔዥያዊ የማይጠየቀውን የዜግነት ማረጋገጫ ወረቀት ይዞ መቅረብ ነበረበት። በ1996 (ዓመቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወረቀቱ እንዲቀር በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ከተወሰነ በኋላ እንኳ ቢሮዎቹ ለዓመታት መጠየቃቸውን አልተዉም።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ለጠያቂዎቹ ነው። ይህን ሁሉ ማስረጃ የሚፈልገው ማነው? ሲቀርብለትስ «በቃኝ» ብሎ ያውቃል?

በ2010 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ራሳቸውን ቻይናዊ ብለው ያስመዘገቡት 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ 1.2 በመቶ መሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ቡድሂስቶችና ክርስቲያኖች ናቸው። የአገሩ ሕዝብ ደግሞ አብላጫው ሙስሊም ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ይህን ይዞ «የሃይማኖት ጠብ ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ግን በጥቅምት 1740 በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ 10 ሺህ ያህል ቻይናውያን ሲታረዱ አራጁ ማን ነበር? ከተማዋን የያዘው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አልነበረም? ከዚያ ዕልቂት የተረፉት ወደ መካከለኛው ጃቫ ሸሽተው ኩባንያውን ሲወጉ አብረዋቸው የተሰለፉት እነማን ነበሩ? ሙስሊም ጃቫውያን አይደሉም? ይህ የጋራ ጦርነት ከ1741 እስከ 1743 ቆይቷል። ታዲያ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ሲወራ ጠባቸው ብቻ እንጂ አብረው የደሙበት ዘመን ለምን አይወሳም?

ሆላንዶች ከዚያ በኋላ የሠሩት ነገር እስከ ዛሬ ያስከፍላል። ሕዝቡን በሕግ ለሦስት ከፈሉት፦ አውሮፓውያን፣ «የውጭ ምሥራቃውያን»፣ «ነባሮች»። ቻይናውያንና አረቦች መካከለኛው መደብ ውስጥ ገቡ፤ በተወሰነላቸው ሰፈር እንዲኖሩ፣ ከዚያ ሲወጡ የይለፍ ወረቀት እንዲይዙ ታዘዙ። ያው የቅኝ ግዛት መንግሥት ደግሞ ኦፒየም የመሸጥን፣ በመያዣ የማበደርንና የኬላ ቀረጥ የመሰብሰብን መብት ለባለጸጋ ቻይናውያን በጨረታ ያከራይ ነበር። ገበሬው ሩዙን ተሸክሞ ኬላ ሲደርስ የሚያየው ቀራጩን ቻይናዊ ነው። ገንዘቡ የሚገባበትን ካዝና አያይም። በ1825 የጃቫ ጦርነት ሲፈነዳ ኬላዎቹ ተቃጠሉ፣ ቀራጮቹም ተገደሉ። ኬላውን ያከራየው ግን ጨረታውን ቀጠለ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነገር ነው፦ ቻይናዊውን በሕዝብና በገዢ መካከል ያቆመው ገዢው ራሱ ነው፤ ይህንንም ያደረገው ቁጣ ሲመጣ ወደ እሱ እንዳይደርስ ነው።

እሺ፣ ይህ የቅኝ ግዛት ዘመን ነው እንበል። ነጻነቱ ሲመጣስ?

በ1930ዎቹ ሱራባያ ውስጥ ሊም ኩን ሂያን የሚባል ጋዜጠኛ ሲን ቲት ፖ የተባለ ጋዜጣ ይመራ ነበር። በ1932 የኢንዶኔዥያ ቻይናውያን ፓርቲን መሠረተ፤ አቋሙም «አገራችን ቻይናም አይደለችም፣ ሆላንድም አይደለችም፤ ኢንዶኔዥያ ናት» የሚል ነበር። በዚያው ጋዜጣ ከየመን ሐድራሞት ከመጣ ቤተሰብ የተወለደ አብዱራህማን ባስዌዳን የሚባል ወጣት ይሠራ ነበር። ባስዌዳን የባልደረባውን መንገድ ተከትሎ በ1934 ያንኑ ሐሳብ ለአረብ ልጆች አነሣ፤ የኢንዶኔዥያ አረቦችን ማኅበር አቋቋመ። በ1945 ሁለቱም ለነጻነቱ በተቋቋመው አዘጋጅ ጉባኤ አባል ሆነው ስለ ሕገ መንግሥቱ መከሩ። ከዚያስ? ሊም በ1951 መንግሥት ኮሚኒስት ብሎ በጠረጠራቸው ሰዎች ላይ ባካሄደው አፈሳ ታሰረ። ተማርሮ የኢንዶኔዥያ ዜግነቱን ተወ፤ በ1952 ሜዳን ከተማ ውስጥ ባዕድ ሆኖ ሞተ። ባስዌዳን በ2018 ብሔራዊ ጀግና ተባለ። ክብሩ ይገባዋል። ሊምስ?

በሆላንዶች መዝገብ ሁለቱም «የውጭ ምሥራቃውያን» ነበሩ። አንዱ በልጅ ልጁ ዘመን ነባር ሆኖ ሲቆጠር የሌላው ወገን እስከ ዛሬ መጤ የሆነው ለምንድን ነው? «አረቡ ሙስሊም ስለሆነ ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነት አለበት፤ መስጊዱ፣ ጋብቻው፣ ትምህርቱ አቀራርቧቸዋል። ግን መልሱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙስሊም የሆነው ቻይናዊ ምን ገጠመው?

አብዱል ካሪም ኦይን እንውሰድ። ሙስሊም ነው፤ በቤንግኩሉ ሙሐመዲያ የተባለው የሙስሊሞች ድርጅት መሪ ነበር፤ ለነጻነት የታገለ ሰው ነው። በ1961 ከጓደኞቹ ጋር የኢንዶኔዥያ ቻይናውያን ሙስሊሞችን ማኅበር መሠረተ። በ1972 ግን ማኅበሩ ከስሙ ውስጥ ቻይናዊነትን የሚያመለክተውን ቃል አውጥቶ ሌላ ስም መያዝ ግድ ሆነበት። ለዚያው አምላክ እየሰገደ፣ ያንኑ ረመዷን እየጾመ፣ ሙስሊምነቱ ቻይናዊ ሆኖ በአደባባይ ለመታየት ካላበቃው ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ ነው ማለት ይቻላል? በ1971 ደግሞ እስልምናን ወደ ጃቫ ካመጡት ቅዱሳን መካከል ቻይናውያን እንደነበሩ የሚከራከረው የታሪክ ጸሐፊው ስላመት ሙልያና መጽሐፍ ታገደ። መከራከሪያው ድክመት ሊኖረው ይችላል፤ የታሪክ ባለሙያዎችም ተችተውታል። ግን መጽሐፍ በመጽሐፍ መመለስ ሲገባው በአዋጅ ሲታገድ ምን ይባላል? የጃቫ የራሷ ዜና መዋዕሎች የሙስሊሙ የጃቫ መንግሥት የደማክ የመጀመሪያው ሱልጣን ራደን ፓታህ ከቻይናዊት እናት ተወለደ ይሉ የለም? ሱሃርቶ ዜና መዋዕሎቹን ያግዳቸዋል?

ወደ ሕጉ እንመለስ። የ1945ቱ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ «ነባር ኢንዶኔዥያዊ» መሆን አለበት ይል ነበር፤ አንቀጹ የተለወጠው በ2001 ነው። በሚያዝያ 1955፣ የኢትዮጵያ ልዑካንም በተገኙበት የባንዱንግ ጉባኤ ሰሞን፣ ኢንዶኔዥያና ቻይና ጥምር ዜግነትን የሚያስቀር ውል ፈረሙ። ሰው አንዱን ይምረጥ ተባለ። በ1959 ደግሞ የውጭ ዜጎች በገጠር ችርቻሮ እንዳይነግዱ የሚከለክል ደንብ ወጣ። ዜጋውና ባዕዱ የሚለይበት ወረቀት ገና ሳይጠራ፣ የገጠሩ ባለሱቅ ሁሉ በአንድ ዐይን ታየ። ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች በመርከብ ወደ ቻይና ሄዱ፤ ብዙዎቹ ያችን አገር አይተዋት አያውቁም። ይህን የተቃወመው ጃቫዊው ደራሲ ፕራሙዲያ አናንታ ቱር በ1960 መጽሐፍ ቢጽፍ መጽሐፉ ታገደ፣ እሱም ታሰረ። ነባር የተባለው ሰው ስለ መጤው ሲናገር እስር ቤት የሚገባ ከሆነ፣ ጠቡ የሕዝብ ነው ወይስ የመንግሥት?

በዚያን ዘመን በቻይናውያኑ በራሳቸው መካከል አንድ ክርክር ነበር። ባፐርኪ የተባለውን ድርጅት የሚመራው ሲያው ጊዮክ ቻን፣ ጃቫዊው ጃቫዊነቱን፣ ባታኩም ባታክነቱን ይዞ ኢንዶኔዥያዊ እንደሆነ ቻይናዊውም ማንነቱን ይዞ ዜጋ መሆን ይችላል ይል ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ስምን፣ ቋንቋን፣ ልማድን ትቶ መዋሐድ ነው የሚያዋጣው አሉ። ክርክሩን የፈታው ጉልበት ነው። ሱሃርቶን ወደ ሥልጣን ካመጣው ከ1965ቱ ደም መፋሰስ በኋላ ባፐርኪ ተዘጋ፣ ሲያው ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰረ። አዲሱ መንግሥት ለሁለተኛው ወገን ፈረደና መዋሐድን ወደ ግዳጅ ለወጠው። የቻይንኛ ትምህርት ቤቶች በ1966 ተዘጉ፤ በዚያው ዓመት ስምን ወደ ኢንዶኔዥያኛ ስለመለወጥ ውሳኔ ወጣ፤ በ1967 የቻይናውያን ሃይማኖታዊ በዓልና ልማድ በአደባባይ እንዳይከበር ታዘዘ።

ሕዝቡም ታዘዘ። ስሙን ለወጠ፣ የዘመን መለወጫውን በሩን ዘግቶ አከበረ፣ ልጁን በኢንዶኔዥያኛ አሳደገ። ታዲያ ስም መለወጡ ልዩነቱ እንዳይታወቅ ከሆነ፣ ያው መንግሥት በመታወቂያ ወረቀታቸው ላይ የቻይና ዘርን የሚያሳብቅ ምልክት ለምን አኖረ? እንዲጠፉ ፈልጎ ነው ወይስ በፈለጋቸው ጊዜ እንዳይጠፉበት?

ሜዳ ላይ የታየውን ደግሞ እንይ። ባድሜንተን ለኢንዶኔዥያ ለእኛ ሩጫ የሆነልንን ያህል ነው። ኒዮ ሃፕ ሊያንግ ተብሎ የተወለደው ሩዲ ሃርቶኖ የኦል ኢንግላንድን የነጠላ ሻምፒዮና ስምንት ጊዜ አሸነፈ። በ1992 ባርሴሎና ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ሱሲ ሱሳንቲ ናት፤ የወንዶቹን ነጠላ ወርቅ አላን ቡዲኩሱማ አስከተለ። ሁለቱም የቻይና ዘር ያላቸው ናቸው። ላምፑንግ ውስጥ የተወለደው አሠልጣኝ ቶንግ ሲን ፉ በወጣትነቱ ወደ ቻይና ሄዶ ነበር፤ በ1980ዎቹ ተመልሶ ለኢንዶኔዥያ ሻምፒዮኖችን አፈራ፤ ዜግነት ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። በ1998 ወደ ቻይና ተመለሰና ሊን ዳንን ካሠለጠኑት አንዱ ሆነ። ሊን ዳን ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆኗል። የራሱን ልጅ በር ላይ የመለሰ አገር በኋላ በሜዳው ሲሸነፍ ማንን ይውቀስ?

«ሀብቱን ሁሉ ይዘውታል» የሚለው ክስ ሳይነሣ አይቀርም፤ አይሸሽምም። የሱሃርቶ ዘመን ትልቁ ባለሀብት ሊም ሲዮ ሊዮንግ ነበር፤ በአዲሱ ስሙ ሱዶኖ ሳሊም። በአዲስ አበባ ሱቆችም ሆነ በዓረብ አገር በሚሠሩ እህቶቻችን ማድ ቤት የሚታወቀውን እንዶሚ የሚያመርተው ኩባንያ የዚህ ቤተሰብ ነው። ሳሊም በልዩ ፈቃድና በቤተ መንግሥት ወዳጅነት ከበረ፤ ይህ ሐሜት አይደለም። ግን ፈቃዱን የሰጠው ማን ነበር? ትርፉንስ ከእሱ ጋር የተካፈለው? የወታደሩንና የመንግሥት ሥራን በር ለቻይና ዘሮች አጥብቦ ንግድን ብቻ የተወላቸው መንግሥት፣ ከመካከላቸው ጥቂቶችን መርጦ ካከበረ በኋላ፣ የሚሊዮኖቹን ስም በእነዚያ ጥቂቶች መዝገብ ሲጽፍ ይህ ፍትሕ ነው? ከጃካርታ ጥግ በታንገራንግ ለትውልዶች በድህነት የኖሩት ቻይናውያንስ የየትኛው ሀብት ባለቤቶች ናቸው? ለባለጸጎቹም ጥያቄ አለኝ፦ ያንን ሁሉ ዓመት ከገዢው ጎን ስትቆሙ ሂሳቡ በጃካርታው የቻይናውያን ሰፈር በግሎዶክ ትንሽ ሱቅ ደጃፍ እንደሚወራረድ አላወቃችሁም?

ሂሳቡ በግንቦት 1998 መጣ። ግንቦት 12 ቀን በትሪሳክቲ ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ። በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ጃካርታና ሌሎች ከተሞች ነደዱ። ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ በገበያ ማዕከሎች ውስጥ በእሳት የታፈኑ፣ ቻይናውያን ያልሆኑ ድሆች ናቸው። ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ሰዎቹ ሌባ ተብለው ተረስተዋልና። የቻይናውያን ሱቅና ቤት እየተመረጠ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ ሴቶች ተደፈሩ። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የጋራ አጣሪ ቡድን በዚያው ዓመት ባቀረበው ሪፖርት 52 የመደፈር ተጎጂዎችን አረጋገጠ፤ ሁከቱን የሚያነሣሡ የተደራጁ ቡድኖች እንደነበሩም ገለጸ። በወቅቱ የስልታዊ ተጠባባቂ ጦር አዛዥ የነበረው የሱሃርቶ አማች ሌተና ጄኔራል ፕራቦዎ ሱቢያንቶ በግንቦት 14 በጦሩ ዋና መምሪያ በተደረገው ስብሰባ የነበረው ሚና እንዲመረመር ቡድኑ ጠየቀ። ፕራቦዎ በሁከቱ እጁ እንደሌለበት ሁልጊዜ ይናገራል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው።

እሳቱ ከበረደ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሆንግ ኮንግ ላይ፣ የኢንዶኔዥያ ወንዶች የባድሜንተን ቡድን ማሌዥያን 3 ለ 2 አሸንፎ የቶማስን ዋንጫ ወሰደ። ከተጫዋቾቹ መካከል ቤተሰባቸው ጃካርታ ውስጥ በፍርሃት በር ዘግቶ የተቀመጠባቸው የቻይና ዘሮች ነበሩ። ዋንጫውን ያነሡት ለማን አገር ነበር? ከዚህ ሌላ የሚፈለገው ማስረጃ ምን ዓይነት ነው?

የሱሃርቶን የ1967 እገዳ ያነሣው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ለሃይማኖት ክርክሩ ጥሩ መልስ ነው። አብዱራህማን ዋሂድ ነው፤ ሕዝቡ ጉስ ዱር ይለዋል። የአገሪቱ ትልቁ የሙስሊሞች ድርጅት የናህድላቱል ኡላማ መሪ የነበረ፣ በእስላማዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ወግ ያደገ ሼኽ፣ ፕሬዚዳንት በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥር 2000፣ እገዳውን ሰረዘ። በእኔም ደም ውስጥ የቻይና ዘር አለ እያለ በአደባባይ ይናገር ነበር። ከ2003 ጀምሮ የቻይናውያን ዘመን መለወጫ ብሔራዊ በዓል ሆነ። በ2006 የወጣው የዜግነት ሕግም የትውልድን ልዩነት አነሣ። ወታደሩ የከለከለውን ሼኹ ፈቀደ። ታዲያ «ሙስሊሙ ብዙኃን» እያሉ አንድ ፊት ብቻ የሚሰጡት ጸሐፊዎች ጉስ ዱርን የት ሊያስቀምጡት ነው?

ይህን ካልኩ በኋላ የ2016ቱን ማለፍ አልችልም፤ ሃይማኖት መሣሪያ የሆነበት ጊዜ ነውና። በቤሊቱንግ ደሴት የተወለደው ፕሮቴስታንቱ ባሱኪ ቻሃያ ፑርናማ፣ አሆክ የሚባለው፣ የጃካርታ ገዥ ነበር። በመስከረም 2016 ተቀናቃኞቹ የቁርኣንን አል-ማኢዳ 51ኛ አንቀጽ እየጠቀሱ መራጩን እንደሚያሳስቱ ተናገረ። የንግግሩ ቪዲዮ ተቆርጦ ተሰራጨ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ። አሆክ በሚያዝያ 2017 ተሸነፈ፤ በግንቦት ሃይማኖትን በመሳደብ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ እንኳ ወደ እስር ቤት ይግባ አላለም ነበር።

በአሆክ የተቆጣ ሁሉ ዘረኛ ነበር አልልም። በእሱ አስተዳደር ጊዜ በካምፑንግ ፑሎና በፓሳር ኢካን ሰፈሮች በግሬደር ቤታቸው የፈረሰባቸው ድሆች እውነተኛ በደል ነበረባቸው። ይህን በደል እንደ አስተዳደር ጥፋት ከመክሰስ ይልቅ ወደ ዘሩና ወደ እምነቱ ማዞር ማንን ጠቀመ? ቤታቸው የፈረሰባቸውን ነው? ደግሞም አሆክ ተሸንፎ እንኳ 42 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። ከአሥር ነዋሪዎቿ ከስምንት በላይ ሙስሊም በሆኑባት ከተማ ይህን ያህል ድምፅ ከየት መጣ? አብላጫውን የሰጡት ሙስሊሞች ናቸው። እነዚህ መራጮች ለምን ከታሪኩ ይወጣሉ?

ያሸነፈው አኒስ ባስዌዳን በጥቅምት 2017 ሥልጣን ሲረከብ፣ ነባሮቹ በቅኝ ግዛት ዘመን እንደተጨቆኑና አሁን በገዛ አገራቸው ባለቤት የሚሆኑበት ጊዜ እንደሆነ ተናገረ። አኒስ የዚያ በሲን ቲት ፖ ጋዜጣ የሠራው የአብዱራህማን ባስዌዳን የልጅ ልጅ ነው። ንግግሩ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን ነው ብሎ ራሱን ተከላክሏል። ይሁን። ነገር ግን አያቱን «የውጭ ምሥራቃዊ» ብሎ የመደበውን የሆላንዶች መዝገብ የልጅ ልጁ ለምን ይዋሰዋል? በሊም ኩን ሂያን ዴስክ አጠገብ የተማረው ፖለቲካ ይህ ነበር?

አሁን ያለው ሕግስ? በዮግያካርታ በ1975 የወጣ መመሪያ ነባር ላልሆነ ዜጋ የመሬት ሙሉ ባለቤትነት እንዳይሰጥ ያዛል፤ መጠቀም እንጂ የእኔ ማለት የለም። የ1960ው የመሬት ሕግ ባለቤትነትን ለዜጋ ሁሉ ይፈቅዳል። በ1998 ሱሃርቶን የተኩት ፕሬዚዳንት ሀቢቢ መንግሥት ነባርና ነባር ያልሆነ እያለ መለየቱን እንዲያቆም አዘዋል። በ2008 የዘር መድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል። መመሪያው ሦስቱንም ተሻግሮ ቆሟል፤ ፍርድ ቤትም በ2018 የቀረበለትን አቤቱታ ውድቅ አድርጓል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ድኻውን ከባለገንዘብ ለመጠበቅ» ነው። ድኻውን ለመጠበቅ ከሆነ መመሪያው ሀብትን ትቶ ደምን ለምን ይለካል? ከጃካርታ የሚመጣው ነባር ቢሊየነር ያሻውን ያህል ሲገዛ፣ እዚያው ተወልዶ ያረጀው ቻይናዊ ኑድል ሻጭ የቤቱን መሬት የማይይዘው ከየትኛው ድኻ ስለወሰደ ነው?

በጥር 2023 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ የግንቦት 1998ቱን ሁከት ከከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች አንዱ አድርገው በመንግሥት ስም አምነዋል። በሰኔ 2025፣ መንግሥት የብሔራዊ ታሪክ መጻሕፍትን እንደ አዲስ በሚያስጽፍበት ወቅት፣ የባህል ሚኒስትሩ ፋድሊ ዞን በጅምላ መደፈር መኖሩ ወሬ ነው፣ ማስረጃ የለውም አሉ። ከሁለቱ የመንግሥት ቃል የትኛው ነው? አጣሪ ቡድኑን ያቋቋመው መንግሥት ነው፤ 52ቱን ያረጋገጠው ይኸው ቡድን ነው፤ ሪፖርቱም በመንግሥት እጅ ነው። ሚኒስትሩ ማስረጃ የሚሹት ከማን ነው? በጥቅምት 1998 ልትመሰክር ትችል የነበረች ወጣት በቤቷ ተገድላ ስትገኝ፣ ፖሊስ ግድያው ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢልም፣ ለመናገር የተዘጋጁት ሌሎች ሴቶች ምን እንዲያደርጉ ነበር የሚጠበቀው? ዛሬ ሃምሳና ስልሳ ዓመት የሆናቸው ሴቶች በልጆቻቸው የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ራሳቸውን እንደ ወሬ እንዲያነቡ ሊደረግ ነው? ሪፖርቱ ከቀረበ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሴቶቹን ደፍሯል ተብሎ አንድ ሰው እንኳ ፍርድ ቤት ያልቀረበው ለምንድን ነው?